በማይታይ ዕቃ ንግድ ገንዘብ ስለ ማጠብ
ከኤውሮፓ የካርቦን ገበያ ለነጋድያን የተገኘ ትምህርት

ነጋዴ የሚገዛውን ዕቃ በዓይኑ አይቶ፥ በእጁ ዳስሶ፥ በሚዛን መዝኖ መረከብ የቆየ ልማዱ ነው። ቡና ቢሆን ይቀምሰዋል፤ ቆዳ ቢሆን ገልብጦ ያየዋል፤ ጨርቅ ቢሆን ይለካዋል። በዘመናችን ግን የማይታይ፥ የማይዳሰስና መጋዘን የማያስፈልገው ዕቃ በገበያ ላይ ቀርቦ በብዙ ቢሊዮን ዩሮ ሲሸጥና ሲገዛ እናያለን። ይህም ዕቃ የካርቦን ፈቃድ የሚባለው ነው።

በ2008 እና በ2009 አታላዮች በዚህ ገበያ ገብተው የኤውሮፓን መንግሥታት ግምጃ ቤት ዘርፈዋል፤ የዘረፉትንም ገንዘብ ንጹሕ አስመስለው ወደ ልዩ ልዩ አገር አሻግረዋል። ይህን ነገር መመርመር ካርቦን ለማይነግደው ነጋዴም ይጠቅማል። ተንኮሉ የተሠራው እያንዳንዳችን በየቀኑ በምንሰጠውና በምንቀበለው ደረሰኝ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

፩ኛ/ የካርቦን ግብርና የካርቦን ገበያ ምን እንደ ሆኑ

ፋብሪካዎችና የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ድንጋይ ከሰል፥ የነዳጅ ዘይትና ጋዝ በሚያቃጥሉበት ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃሉ። ይህ ጋዝ በበዛ መጠን የምድር ሙቀት እየጨመረ ስለሚሄድ፥ ብዙ መንግሥታት ልቀቱን ለመቀነስ በሁለት መንገድ ይሠራሉ።

አንደኛው መንገድ የካርቦን ግብር ነው። ነዳጅ የሚያቃጥል ሁሉ ከነዳጁ በሚወጣው ጋዝ ልክ ግብር ይከፍላል። ይህን ግብር ፊንላንድ በ1990፥ ስዊድን በ1991 ጀምረውታል። ግብሩ ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰበው ከታወቁ የነዳጅ አከፋፋዮች ስለ ሆነ፥ የሚያሰጋው ነገር በጉምሩክ ዘንድ ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀው ነው፤ ይኸውም መጠኑን አሳንሶ ማስመዝገብ፥ የዕቃውን ዓይነት ለውጦ ማስታወቅና የኮንትሮባንድ ንግድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የካርቦን ገበያ ነው። የኤውሮፓ ኅብረት ይህን ገበያ በ2005 ከፈተ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በጠቅላላው ሊለቀቅ የሚችለው የጋዝ መጠን ይወሰንና ለየፋብሪካው ፈቃድ ይታደላል ወይም ይሸጣል። አንድ ፈቃድ አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመልቀቅ ያስችላል። ፋብሪካው በየዓመቱ በለቀቀው ቶን ልክ ፈቃድ ማስረከብ አለበት። ጭሱን የቀነሰ ፋብሪካ የተረፈውን ፈቃድ ይሸጣል፤ ያልቀነሰው የጎደለውን ይገዛል። ፈቃዱ በወረቀት የታተመ ሰነድ እንኳ አይደለም፤ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ በኮምፒዩተር የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው።

ከነዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ዓይነት ንግድ አለ፤ እርሱም ደን በማልማት ወይም ንጹሕ ኃይል በማመንጨት የተቀነሰው ጋዝ ተለክቶ የሚሰጠው የካርቦን ክሬዲት ነው። ይህ ንግድ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በወላይታ በሁምቦ የሚኖሩ ገበሬዎች የተራቆተውን ተራራቸውን ከልለው 2,728 ሄክታር ያህል ደን እንደገና እንዲያገግም ያደረጉበት ሥራ በዲሴምበር 2009 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥር ተመዝግቦ፥ የዓለም ባንክ የሚያስተዳድረው የካርቦን ፈንድ ከዚያ የተገኘውን ክሬዲት ገዝቷል። እንግዲህ ሀገራችንም በዚህ ገበያ ሻጭ ሆና ቀርባለችና የገበያውን መልካም ጎን ብቻ ሳይሆን አደጋውንም ማወቅ ይገባናል።

፪ኛ/ ገበያው ለአታላዮች የተመቸበት ምክንያት

በኤውሮፓ ኅብረት ውስጥ አንድ ነጋዴ ከሌላ የኅብረቱ አገር ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ሻጩ የተጨማሪ እሴት ታክስ አያስከፍለውም። ገዢው ዕቃውን በአገሩ ውስጥ ሲሸጥ ግን ታክሱን ከደንበኛው ተቀብሎ ለመንግሥት ማስገባት አለበት። አታላዮች ይህን ቀዳዳ ካርቦን ከመምጣቱ በፊትም ያውቁት ነበር። በተንቀሳቃሽ ስልክና በኮምፒዩተር ዕቃ ንግድ፥ ታክሱን ከደንበኛ ተቀብለው ለመንግሥት ሳያስገቡ ይሰወሩ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው የኤውሮፓ መርማሪዎች «የጠፋው ነጋዴ» ይሉታል።

ነገር ግን ስልክ የጭነት መኪና ያስፈልገዋል፤ መጋዘን ያስፈልገዋል፤ ሣጥኑም ተከፍቶ ሊመረመር ይችላል። የካርቦን ፈቃድ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ከአገር ወደ አገር የሚሻገረው የኮምፒዩተር ቁልፍ በመምታት ነው። በፓሪስ ይገኝ በነበረው ብሉኔክስት በተባለው የልውውጥ ቤት ፈቃዱን ሸጦ ገንዘቡን በዚያው ቀን መቀበል ይቻል ነበር።

የፈረንሳይ የመንግሥት ሒሳብ ፍርድ ቤት በ2012 ባወጣው ሪፖርት ገበያው ገና ሲመሠረት ሦስት ጉድለቶች እንደ ነበሩበት ገልጿል። የመጀመሪያው፥ የተጨማሪ እሴት ታክስ አሰባሰቡ ዋስትና የሌለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ማንኛውም ሰው ያለ በቂ ማጣሪያ በፈቃድ መዝገብ ላይ ሒሳብ ለመክፈት መቻሉ ነው። ሦስተኛው፥ ገበያውን ከውጭ ሆኖ የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አለመኖሩ ነው። በተለይ የዴንማርክ መዝገብ ማንነትን በሚገባ ሳያጣራ ከልዩ ልዩ አገር ለሚመጡ ሰዎች ሒሳብ ይከፍት ስለ ነበረ የአታላዮች መግቢያ በር ሆኖ ነበር። በኋላ ማጣራት በተጀመረ ጊዜ ከሒሳቦቹ ብዙዎቹ ተሰርዘዋል።

፫ኛ/ ተንኮሉ በቁጥር ሲገለጽ

ነገሩ በምሳሌ ካልተገለጸ በቀላሉ አይጨበጥም። ስለዚህ ሦስት ኩባንያዎች በፈረንሳይ አገር አሉ እንበል። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ የተጨማሪ እሴት ታክስ 19.6 በመቶ ነበረ።

የመጀመሪያው ኩባንያ 100,000 ፈቃድ፥ እያንዳንዱን በ12 ዩሮ፥ ከሌላ የኅብረቱ አገር በ1,200,000 ዩሮ ገዛ። ታክስ አልከፈለም። ወዲያው ለሁለተኛው ኩባንያ እያንዳንዱን በ11.90 ዩሮ አርክሶ ሸጠለት። የሽያጩ ዋጋ 1,190,000 ዩሮ፥ ታክሱ 233,240 ዩሮ፥ ድምሩ 1,423,240 ዩሮ ይሆናል። በሽያጩ 10,000 ዩሮ የከሰረ ይመስላል። ነገር ግን ታክሱን ለመንግሥት ሳያስገባ ስለሚሰወር 223,240 ዩሮ ጥሬ ትርፍ በእጁ ይቀራል።

ሁለተኛው ኩባንያ ፈቃዱን ለሦስተኛው በ11.92 ዩሮ ይሸጣል። ከሦስተኛው የሚቀበለው ታክስ 233,632 ዩሮ ነው፤ ከዚህ ላይ ለመጀመሪያው የከፈለውን 233,240 ዩሮ ቀንሶ ልዩነቱን 392 ዩሮ ለመንግሥት በታማኝነት ያስገባል። በንግዱም 2,000 ዩሮ ያተርፋል። መዝገቡ የጸዳ ነው፤ ደረሰኙም ትክክል ነው። ምናልባትም ከፊቱ ያለው ሻጭ አታላይ መሆኑን ጨርሶ አያውቅም ይሆናል።

ሦስተኛው ኩባንያ ፈቃዱን በ11.95 ዩሮ ወደ ሌላ የኅብረቱ አገር መልሶ ይሸጣል። በዚህ ሽያጭ ላይ ታክስ ስለሌለበት፥ የከፈለው 233,632 ዩሮ እንዲመለስለት መንግሥትን ይጠይቃል፤ ይመለስለታልም።

እንግዲህ የመንግሥትን ሒሳብ እንመልከት። የገባለት 392 ዩሮ፥ የወጣበት 233,632 ዩሮ ነው። የጎደለው 233,240 ዩሮ፥ የመጀመሪያው ኩባንያ ከደንበኛው ተቀብሎ ይዞት የጠፋው ታክስ ነው። ፈቃዱም ወደ መነሻው ተመልሶ በማግሥቱ፥ አንዳንድ ጊዜም በዚያው ቀን፥ ያንኑ ዙር እንደገና ይዞራል። አንድ ዓይነት ፈቃድ አሥር ጊዜ ቢዞር መንግሥት አሥር ጊዜ ይዘረፋል፤ ከጭሱ ግን አንዲት ቶን እንኳ አልተቀነሰችም።

፬ኛ/ ገንዘቡ የሚታጠብበት ዘዴ

ገንዘብ ማጠብ ማለት በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ ነው። የዚህ ነገር ዐዋቂዎች ሥራውን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። መጀመሪያ ገንዘቡን ወደ ባንክ ማስገባት፤ ቀጥሎ ምንጩ እንዳይታወቅ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ እያዘዋወሩ ማደባለቅ፤ በመጨረሻም በቤት፥ በመሬት ወይም በንግድ ላይ አውሎ ከሕጋዊ ሀብት ጋር ማዋሐድ ነው።

በካርቦን ገበያ ለወንበዴዎች እጅግ የተመቻቸው የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ጥሬ ገንዘብ በከረጢት ይዞ ወደ ባንክ የሚመጣ ሰው ይጠየቃል። ከታወቀ የልውውጥ ቤት ወይም ከታወቀ ኩባንያ ለተሸጠ ፈቃድ ክፍያ ተብሎ በባንክ የሚተላለፍ ገንዘብ ግን ደረሰኙን ይዞ ስለሚመጣ ማንም አይጠይቀውም። የተሰረቀው ታክስ ከሽያጩ ዋጋ ጋር በአንድነት ስለሚደርስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የንግድ ገቢ መስሎ ይታያል። ከዚያ በኋላ «ለአዲስ ፈቃድ ግዢ» እየተባለ ወደ ውጭ ይላካል። በፓሪስ ከተፈረዱት ጉዳዮች በአንዱ ገንዘቡ ወደ ቆጵሮስ፥ ወደ ላትቪያና ወደ ሆንግ ኮንግ ባንኮች መሻገሩ ተገልጿል።

ሁለተኛም ዘዴ አለ። በሌላ ወንጀል የተገኘ ገንዘብ ያለው ሰው ሁለት ኩባንያ አቋቁሞ፥ አንዱ ለሌላው የካርቦን ክሬዲት በፈለገው ዋጋ እንዲሸጥ ሊያደርግ ይችላል። የጤፍን ወይም የስሚንቶን ዋጋ ገበያተኛው ሁሉ ስለሚያውቀው ከልክ ያለፈ ዋጋ ወዲያው ይታወቃል። ከአንድ ጫካ የተገኘ ክሬዲት ግን እንደ ሥራው ዓይነትና እንደ ቦታው ዋጋው ስለሚለያይ፥ ዋጋው በዛ ወይም አነሰ ብሎ ለመመስከር ያስቸግራል። ኢንተርፖል የተባለው ዓለም አቀፍ የፖሊስ ድርጅት በ2013 ስለ ካርቦን ንግድ ወንጀል መመሪያ ማውጣቱ ነገሩ ምን ያህል እንዳሳሰበ ያመለክታል።

፭ኛ/ የደረሰው ጉዳትና የተሰጠው ፍርድ

ዩሮፖል የተባለው የኤውሮፓ የፖሊስ ድርጅት በዲሴምበር 2009 ባወጣው መግለጫ፥ በዚህ ማጭበርበር ልዩ ልዩ መንግሥታት 5 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ታክስ ማጣታቸውን፥ በአንዳንድ አገሮችም ከገበያው ንግድ እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው የአታላዮች ሥራ ሳይሆን እንደማይቀር አስታወቀ። የፈረንሳይ ብቻ ጉዳት ከ2008 መጸው እስከ ጁን 2009 ድረስ 1.6 ቢሊዮን ዩሮ መሆኑን የሒሳብ ፍርድ ቤቱ ገምቷል፤ በዚህ ባጠረ ጊዜ ውስጥ በፈረንሳይ ከታዩት የግብር ማጭበርበሮች ሁሉ ይህ ከፍተኛው መሆኑንም ገልጿል።

ፈረንሳይ በጁን 2009 በካርቦን ፈቃድ ላይ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ባነሣች ጊዜ የፓሪስ ገበያ እንቅስቃሴ በድንገት አሽቆለቆለ። ብሪታኒያም በጁላይ ወር መጨረሻ ተመሳሳይ እርምጃ ወሰደች። ገበያው የደመቀው በፈቃድ ፈላጊ ፋብሪካዎች ብዛት ሳይሆን በታክስ ሌቦች ግርግር እንደ ነበረ በዚህ ታወቀ።

ፍርዱ ግን ዘገየ። በጀርመን አገር የፍራንክፈርት ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2011 በስድስት ሰዎች ላይ ፈረደ፤ ከፍተኛው ቅጣት ከ7 ዓመት በላይ እስራት ነበረ። በ2016 ደግሞ የዶይቸ ባንክ የቀድሞ ሠራተኞች በዚሁ ጉዳይ ጥፋተኞች ተብለው አንደኛው በ3 ዓመት እስራት ተቀጣ። በዚያው ዓመት በጁላይ የፓሪስ ፍርድ ቤት 283 ሚሊዮን ዩሮ በጠፋበት ጉዳይ ዋነኞቹን ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸውን በ8 ዓመት እስራትና በ1 ሚሊዮን ዩሮ መቀጫ ቀጣ። የጠፋው ገንዘብ ግን ከአገር ወጥቶ ስለ ነበረ አብዛኛው አልተመለሰም።

የታክሱ ቀዳዳ ሲደፈን ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ። በማርች 2010 በሀንጋሪ ለመንግሥት አንድ ጊዜ የተመለሱ ክሬዲቶች እንደገና ተሽጠው በገበያ ላይ ሲዞሩ ተገኙ። በ2010 በሐሰተኛ የኢሜይል መልእክት የመዝገብ መክፈቻ ቃል እየተሰረቀ ፈቃድ ተወሰደ። በጃንዋሪ 2011 ከቼክ ሪፑብሊክና ከሌሎች አገሮች መዝገብ ብዙ ፈቃድ ስለ ተሰረቀ የኤውሮፓ ኮሚሽን የየአገሩን መዝገብ ዝውውር ሁሉ ለጊዜው እስከ ማገድ ደረሰ። የተሰረቀውን ፈቃድ ሳያውቁ የገዙ ኩባንያዎችም በእጃቸው ያለው ንብረት የራሳቸው መሆን አለመሆኑ አጠራጥሯቸው ተጨነቁ።

፮ኛ/ የተወሰደው እርምጃ

የኤውሮፓ ኅብረት በማርች 2010 ባወጣው ሕግ፥ አባል መንግሥታት በካርቦን ፈቃድ ሽያጭ ላይ ታክሱን ሻጩ መሰብሰቡ ቀርቶ ገዢው ራሱ እንዲያስታውቅ ለማድረግ እንዲችሉ ፈቀደ። ሻጩ ታክሱን በእጁ ካልተቀበለ ይዞት ሊጠፋ አይችልም። ከዚያም በ2012 የየአገሩ መዝገብ በአንድ የኅብረቱ መዝገብ ተጠቃለለ፤ ሒሳብ ለመክፈት የሚጠየቀውም ማስረጃ ጠበቀ። ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ የካርቦን ፈቃድ እንደ አክሲዮን ያለ የገንዘብ ሰነድ ሆኖ ስለ ተቆጠረ፥ በደላላነትና በንግዱ የሚሠሩ ድርጅቶች በገንዘብ ገበያ ሕግ ሥር ገቡ።

፯ኛ/ ለእኛ ለነጋድያን የሚሆነው ትምህርት

በሀገራችን የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ላኪው ወደ ውጭ በሚልከው ዕቃ ላይ ታክሱ በዜሮ ይታሰብለታል፤ ለዕቃው ግዢ የከፈለው ታክስም እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ በፓሪስ የተቀደደው ስፌት በእኛም ልብስ ላይ ያለ ስፌት ነው። ሰው ሳይኖር በተሰው ስም በተቋቋመ ድርጅት የሚቆረጥ ሐሰተኛ ደረሰኝ ካርቦንን አይጠብቅም፤ በብረት፥ በስሚንቶ ወይም በጨርቅ ንግድም ይሠራል።

አሁን ከላይ የተጠቀሰውን ሁለተኛውን ኩባንያ እናስታውስ። በንግዱ 2,000 ዩሮ አትርፏል። የኤውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በጁላይ 2006 በሰጠው ውሳኔ፥ የገዛው ዕቃ ከታክስ ማጭበርበር ጋር የተያያዘ መሆኑን ያወቀ ወይም ማወቅ ይገባው የነበረ ነጋዴ የከፈለውን ታክስ የማስቀነስ መብቱን እንደሚያጣ ወስኗል። እንግዲህ መንግሥት 233,240 ዩሮውን ከዚህ ነጋዴ ሊጠይቅ ነው። ካተረፈው ከ100 እጥፍ በላይ ይከፍላል ማለት ነው። ዋናው አታላይ ከአገር ወጥቷል፤ ቢሮው ባዶ ነው፤ ስልኩ አይመልስም። አድራሻው የሚታወቀው፥ ሱቁ የማይንቀሳቀሰው፥ መዝገቡ በሥርዓት የተያዘው ነጋዴ ብቻ ተይዞ ይቀራል። «ማወቅ ይገባው የነበረ» የሚለው ቃል ሊታሰብበት የሚገባው ለዚህ ነው፤ አላውቅም ነበር ማለት ብቻ አያድንም።

ስለዚህ ነጋዴ ሁሉ ከሚከተሉት ጥያቄዎች እንዳይዘነጋ እንመክራለን።

1. ሻጩ ማን ነው? የንግድ ፈቃዱን፥ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና ቢሮውን መርምሮ ማረጋገጥ። ትናንት የተቋቋመ ድርጅት ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ዕቃ ካቀረበ መጠየቅ ይገባል።

2. ዋጋው ለምን ከገበያው ወረደ? በምሳሌአችን የመጀመሪያው ኩባንያ ከገዛበት አርክሶ መሸጡ የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ነበረ። ታክስ የሚከፍል ነጋዴ ታክስ ከማይከፍለው ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም።

3. ሻጩንም ገዢውንም ያመጣልህ አንድ ሰው ነውን? ያለ ድካም፥ ያለ ካፒታልና ያለ ሥጋት ትርፍ የሚሰጥ ንግድ ቢቀርብልህ፥ የተፈለገው ዕውቀትህ ሳይሆን መልካም ስምህ መሆኑን ተጠራጠር።

4. ገንዘቡ ለማን ይከፈላል? ደረሰኙ በአንድ ስም፥ የባንክ ሒሳቡ በሌላ ስም ወይም በሌላ አገር ከሆነ ክፍያውን ማቆም ይገባል።

5. የካርቦን ክሬዲት ለመሸጥ ወይም ለመግዛት የሚያስብ ማኅበር ወይም ነጋዴ ቢኖር፥ የክሬዲቱን ተከታታይ ቁጥር ከዋናው መዝገብ ጋር ሳያስተያይ አይፈርም። በሀንጋሪ እንደ ታየው ያገለገለ ክሬዲት እንደ አዲስ ሊቀርብ ይችላል።

6. የተደረገው ማጣሪያ ሁሉ በጽሑፍ ይቀመጥ። ይህን ጽሑፍ ያቀረበው ሰው በነጋዴ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ብዙ ዓመት እንደ መሥራቱ፥ የደብዳቤው ቅጂ፥ የንግድ ፈቃዱ ፎቶ ኮፒና የባንኩ ማስረጃ በአንድ ፋይል መገኘቱ መርማሪ በመጣ ቀን ከጠበቃ ንግግር የበለጠ ሲረዳ አይቷል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በፓሪስና በፍራንክፈርት ከሻጭ እስከ ገዢ፥ ከባንክ እስከ መዝገብ ቤት ብዙ ዐዋቂ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ሁሉም የደረሰኙን ድምር አረጋግጠዋል፤ «ይህ ሰው ለምን በኪሳራ ይሸጣል?» ብሎ በጊዜው የጠየቀ ግን ጥቂት ነበረ። ጥያቄው በማንኛውም ሱቅ ባንኮኒ ላይ ሊጠየቅ የሚችል ነው፤ ወጪውም ከአንድ ስልክ ጥሪና ከግማሽ ቀን መዘግየት አይበልጥም። ንግዳችን በሰላም እንዲቀጥል፥ ልጆቻችንም የጸዳ ስም እንዲወርሱ የምንሻ ሁሉ ይህን ጥቂት ድካም አንቈጥብ።